«ተለውጧል» ያለው ማነው? ጥቃት አድራሽ ባሎችን ስለማረም አንድ ትችት

ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ይታረማል ወይ? ይህን ጥያቄ ታክሲ ውስጥም ሆነ ቡና ላይ አንሱት፤ መልሱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ «ዓመል ያወጣል ከመሐል፤ አይለወጥም፣ እሰሩት» ይላል። ሌላው «ሽማግሌ ይምከረው፣ ልጅ ሲወልድ ይረጋጋል፣ ጊዜ ስጡት» ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። የሚገርመው ግን ሁለቱም አንድ ነገር አይጠይቁም፦ መለወጡን ወይም አለመለወጡን በምን አወቃችሁ?

እኔ የምህንድስና ተመራማሪ ነኝ። የምሠራው በቁጥጥር ሥርዓቶች፣ በተለምዶ «ኮንትሮል» በምንለው ዘርፍ ነው። ዳኛም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ግን በእኛ ሙያ አንድ ማሽን «ይሠራል» ከመባሉ በፊት አንድ አሰልቺ ጥያቄ ይቀድማል፦ ሴንሰሩ የት ነው የተሰቀለው? የፍሪጅ ቅዝቃዜ የሚለካው ሴንሰር ከፍሪጁ ውጪ ቢሰቀልስ ብላችሁ አስቡ። ክረምት ላይ ውጪው ቀዝቃዛ ስለሆነ ሴንሰሩ «በቂ ነው» ይላል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ ሥጋው ውስጥ ይበላሻል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ጋዙ ሙሉ ነው፣ ሽቦውም አልተቃጠለም። ችግሩ የመለኪያው ቦታ ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ጥቃት አድራሾችን እናርማለን የሚሉ ሥራዎች፣ የእኛው ሽምግልናም ሆነ የውጪዎቹ ፕሮግራሞች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩን የሰቀሉት የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። የዚህ ስህተት ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በሴትዮዋና በልጆቿ አካል ነው።

ሳናውቀው ያለን ፕሮግራም

«ኢትዮጵያ ውስጥ ጥቃት አድራሾችን የሚያርም ፕሮግራም የለም» ሲባል እሰማለሁ። በወረቀት ካየነው እውነት አለው። ሀገራችን ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የላትም። ስለዚህ ዳኛ ደብዳቢውን «ይህን ሥልጠና ለስድስት ወር ተከታተል፣ ካቋረጥክ ትታሰራለህ» ብሎ የሚልክበት፣ በሌሎች ሀገራት እንደምናየው የተደራጀ መንገድ አልተዘረጋም። በተግባር ግን ፕሮግራም አለን። ያውም በየቀኑ፣ በየሰፈሩ የሚሠራ፣ በጀት የማይጠይቅ። ስሙ ሽምግልና ነው።

አንዋር መስጊድ ሰፈርን እንውሰድ። መርካቶ መሐል፣ በአንድ በኩል ታላቁ አንዋር መስጊድ፣ ትንሽ ራመድ ሲሉ ደግሞ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን። ዓርብ ለጁምዓ ሰጋጁ ከግቢው ተርፎ አስፋልቱ ላይ ይዘረጋል። ከሱቆቹ ጀርባ በጭቃና በኮምፔርሳቶ የተከፋፈሉ ጠባብ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ቤት ሳህን ሲወድቅ ከጎን ያለው ቤት «ተሰበረ እንዴ?» ይላል። እንዲህ ባለ ሰፈር ድብደባ ለጎረቤት ምስጢር አይሆንም።

ነገሩ ሲገፋ ምን ይሆናል? ሴትዮዋ ወደ እናቷ ወይ ወደ እህቷ ቤት ትሄዳለች። ሰውዬው ሽማግሌ ይልካል። እንደ ቤተሰቡ እምነትና እንደ አገር ልጅነቱ ሼኁ፣ የንስሐ አባቱ፣ የእድሩ ዳኛ ወይም በገበያው የተከበረ ነጋዴ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ያዳምጣሉ፣ አጥፊውን ይገሥጻሉ፣ ይቅርታ ያስጠይቃሉ፣ ዋስ ያስጠራሉ፣ ይመርቃሉ። እሷም «ለልጆቼ ስል» ብላ ትመለሳለች።

መርካቶን መርካቶ ካደረጉት ነጋዴዎች ብዙዎቹ የጉራጌና የስልጤ ልጆች ስለሆኑ ይህ ልማድ ከሀገር ቤት ሸንጎ ጋር የተሳሰረ ነው። በነገራችን ላይ ያ ሸንጎ ራሱ በሴት ተሞግቷል። በጉራጌ የቃል ታሪክ የምትታወቀው የቃቄ ውርድወት የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የመፋታት መብት ተከራክራለች። ስለዚህ «ሥርዓቱን ከሴቷ በኩል እንየው» ማለት ከውጪ የተጫነ ሐሳብ አይደለም።

ሽምግልናን እንደ መሐንዲስ ሳየው መጥፎ ዲዛይን አይደለም። ፈጣን ነው፣ ነፃ ነው፣ አጥፊው የሚፈራቸውና የሚያከብራቸው ሰዎች እጅ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ስም ካፒታል ነው። ዕቃ በዱቤ የሚወሰደው በስም ነው፣ እቁብ የሚገባው በስም ነው። አንድን ነጋዴ ፖሊስ ከሚያስፈራራው ይልቅ ሽማግሌ ፊት «ቃሉን በላ» መባል ሊያስደነግጠው ይችላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ውጤቱ የሚለካው «ታረቁ» በሚለው ቃል ነው። ታረቁ ማለት ደግሞ በተግባር ተመለሰች ማለት ነው። የሽማግሌዎቹ ሥራ ያበቃው በሩ ሲዘጋ ነው፤ መለካት መጀመር የነበረበትም በሩ ሲዘጋ ነው። ዋሱ በሚቀጥለው ሳምንት ሰውዬውን ሱቁ በር ላይ ያገኘዋል። «እንዴት ነው፣ ቤት ሰላም ነው?» «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነው።» አለቀ። የፍሪጁ ሴንሰር ውጪ ተሰቀለ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ፈረንጆቹስ ተሻሉ?

ጥቃት አድራሾችን በማረም ስሙ በጣም የሚነሳው ሞዴል የተወለደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታችም ካልተባለ በቀር እንደዚያው) አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ዱሉዝ በምትባል ከተማ ነው። ኤለን ፔንስና ማይክል ፔይማር ከሌሎች ጋር ሆነው ያሳደጉት ይህ ሥራ፣ ፍርድ ቤት የላካቸውን ወንዶች በየሳምንቱ በቡድን ሰብስቦ ያወያያል። መነሻ ሐሳቡም ድብደባ ድንገተኛ ንዴት ሳይሆን የመቆጣጠሪያ ዘዴ ነው የሚል ነው። ገንዘብ መከልከል፣ ከዘመድ መለየት፣ ማዋረድ፣ በልጆች ማስፈራራት የአንድ መንኮራኩር ክፍሎች ናቸው። መንኮራኩሩን የሣሉት ከተጠቁ ሴቶች ጋር ተነጋግረው ነው፤ ትልቁ ጥንካሬውም ይሄ ነበር።

የዱሉዝ ሥራ በመጀመሪያው መልኩ ክላስ ብቻ አልነበረም። ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ዳኛና የሴቶች ድጋፍ ሰጪዎች አንድ ላይ ተያይዘው የሚሠሩበት ሥርዓት ነበር፤ ክላሱ የዚያ ሥርዓት አንድ ጥርስ ነው። ሞዴሉ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሰራጭ ግን ብዙዎቹ ክላሱን ብቻ ቀዱ። ጥርሱን ወስደህ ማርሹን ብትተው ምን ይዞራል?

ከዚያ ሳይንቲስቶች መለካት ጀመሩ። በፍሎሪዳ ብሮዋርድ አውራጃ ሊኔት ፌደርና ሎራ ዱጋን 404 የተፈረደባቸውን ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የአንድ ዓመት የገደብ ክትትል ብቻ፣ ሌላው ክትትሉንና የ26 ሳምንት ሥልጠናውን አንድ ላይ አገኘ። በ2002 የታተመው ውጤት በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነበር፤ ሥራ ያላቸውና ዕድሜያቸው በሰል ያለው፣ ማለትም የሚያጡት ነገር ያላቸው ሰዎች የተሻለ ሆኑ። በሳንዲያጎ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ በ861 ጥንዶች ላይ የተደረገውና በ2000 የታተመው የፍራንክሊን ዳንፎርድ ሙከራም በፕሮግራሞቹና ምንም ባላገኘው ቡድን መካከል ልዩነት አላገኘም።

በ2004 ጁሊያ ባብኮክና ባልደረቦቿ 22 ጥናቶችን አንድ ላይ ጨምቀው ሲያዩ፣ ታስሮና ተቀጥቶ ፕሮግራም የገባ ሰው፣ ታስሮና ተቀጥቶ ፕሮግራም ካልገባው ሰው የሚለይበት መጠን 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዜሮ አይደለም። ግን «ታርሟል» ብሎ ቁልፍ ለማስረከብ የሚበቃም አይደለም።

ከሁሉም በላይ ትኩረቴን የሳበው የፌደርና የዴቪድ ዊልሰን የ2005 ትንተና ነው። በዕጣ የተከፋፈሉትን ሙከራዎች በፖሊስና በፍርድ ቤት መዝገብ ስትለካቸው ፕሮግራሙ መጠነኛ ጥቅም ያሳያል። ሴቶቹን ጠይቀህ ስትለካቸው ግን ጥቅሙ ይጠፋል። ሰዎቹም ፕሮግራሙም ያው ናቸው፤ የተቀየረው ሴንሰሩ ብቻ ነው። መዝገቡ የሚያየው የተከሰሰውን ነው፤ እሷ የምታየው የሆነውን ነው።

ሁሉም ነገር የሠራ የሚመስልበት ምክንያት

እዚህ ጋ ለአንድ ደቂቃ ቆም እንበል። ምክንያቱም «እኔ የማውቀው ሰው ሥልጠና ወስዶ ተለውጧል» የሚል አይጠፋም። ሁለት የስታትስቲክስ ወጥመዶች አሉ፤ ሁለቱም ከዚህ ርዕስ ውጪም ይጠቅሟችኋል።

የመጀመሪያው ወጥመድ የጫፍ ወጥመድ ነው። ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ትኩሳቱ ጫፍ ሲደርስ ነው። ጫፍ ላይ ያለ ነገር ደግሞ መድኃኒትም ባይሰጠው ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ሽማግሌ የሚጠራው፣ ፖሊስ የሚመጣው፣ ፕሮግራም የሚጀመረው ልክ እንደዚሁ ከከባድ ድብደባ ማግሥት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጸጥታ የፕሮግራሙ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ማዕበሉ በራሱ ጊዜ ዝቅ ያለበት ወቅትም ሊሆን ይችላል። ለመለየት ያለው መንገድ ፕሮግራሙን ካላገኘ ተመሳሳይ ቡድን ጋር ማነጻጸር ነው። ሦስት ወር ብቻ ጠብቆ «ተሳካ» ማለት ግን ማዕበሉን ለራስ መቁጠር ነው።

ሁለተኛው የደንበኛ ወጥመድ ነው። አንድ የጫማ ነጋዴ ጫማው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ተመልሰው የመጡ ደንበኞችን ብቻ ቢጠይቅ፣ መቶ በመቶ «ጥሩ ነው» ይባላል። ጫማው በሳምንቱ የተቀደደበት ሰው ወደ ሌላ ተራ ሄዷል። የእርማት ፕሮግራም የጨረሱ ወንዶችም እንዲሁ ናቸው። ያቋረጡት፣ ስልክ የማያነሱት፣ ከተማ የቀየሩት ከስሌቱ ውጪ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈሩትም እነሱ ናቸው። «ከጨረሱት ውስጥ ይህን ያህል በመቶ ተለወጡ» የሚል ሪፖርት ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት፦ ከጀመሩትስ ውስጥ?

ቡና ላይ የተደረገው ሙከራ

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ላይ የዓለም ሳይንስ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባወጣው የብዙ ሀገራት ጥናት ውስጥ የቡታጅራ አካባቢ ተካቷል። በሕይወት ዘመናቸው በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች 71 በመቶ ሆነው ተገኙ፤ በጥናቱ ከታዩት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው። አካላዊው 49 በመቶ፣ ወሲባዊው 59 በመቶ። ይህን የመጨረሻ ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዓመታት በኋላ በዚያው በጉራጌ ምድር ለመፍትሔው ሙከራ ተደረገ። ቫንዳና ሻርማ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ንጉሤ ደዬሳና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በ2020 አሳተሙ። 64 መንደሮች በዕጣ አራት ቦታ ተከፈሉ፤ በአንዱ ለወንዶች ብቻ፣ በሌላው ለሴቶች ብቻ፣ በሦስተኛው ለጥንዶች ውይይት ተደረገ፤ አራተኛው ማነጻጸሪያ ሆነ። ውይይቱ 14 ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ የተካሄደውም ነጭ አዳራሽ ውስጥ ፕሮጀክተር ተሰቅሎ ሳይሆን በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ነው።

ሙከራው ለተደበደቡ ወይም ለደበደቡ ሰዎች የተለየ ሳይሆን ለመንደሩ ሰው የተዘጋጀ ነበር፤ ከእርማት ይልቅ ለመከላከል ይቀርባል። ግን ለጥያቄያችን ከዚህ የቀረበ ጥሩ የሀገር ውስጥ ማስረጃ አላውቅም። በዲዛይኑ የማደንቀው ነገር አለ። ዕጣ ነበረው፣ ማነጻጸሪያ ነበረው፣ 24 ወር ጠብቋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋነኛ መለኪያው የሴቶቹ ምላሽ ነበር። ሴንሰሩ ፍሪጁ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ውጤቱስ? ሴቶቹ በተናገሩት፣ ማለትም በዋነኛው መለኪያ፣ ሦስቱም ዓይነት ውይይት ግልጽ ለውጥ አላሳየም። ወንዶቹ ራሳቸው በተናገሩት ግን፣ ወንዶቹ በተወያዩባቸው መንደሮች «ባለፈው ዓመት ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሜያለሁ» የሚለው ምላሽ ቀንሷል።

ይህን እንዴት እናንብበው? ደስ የሚለው ንባብ ወንዶቹ ተለውጠዋል የሚል ነው። የማያስደስተው ደግሞ ወንዶቹ የተማሩት ትክክለኛውን መልስ ነው የሚል። እውነቱ መሐል ላይ ሊሆን ይችላል። ግን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናታችንን አስታውሱ። በ2016 «ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። በዚያው ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ወንዱ በመጠይቅ ላይ ከሴቷ ይልቅ «መምታት ነውር ነው» ይላል፤ የሚመታው ግን እሱ ነው። አፍና እጅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ሁለት ሴንሰር ሲጋጩ የሚታመነው ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ያለው ነው።

ከዚህ ተነስቶ «እንግዲህ የቡናው ሥራ ዋጋ የለውም» የሚል ካለ አልስማማም። የማይመች ውጤቱን ሳይደብቅ ያተመ ሙከራ፣ «ተሳታፊዎች ደስተኛ ነበሩ» ከሚል መቶ ሪፖርት ይበልጣል። ቢያንስ ቀጣዩ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሕጉ የማያየው ጥቃት

አሁን ያን 59 በመቶ እናንሳው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ይጠቅሳል፤ ቅጣቱን ግን ወደ ተራው የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ይመራዋል። ከእነዚያ አንዱ የሆነው አንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳትን የሚያስቀጣው በተጎጂው አቤቱታ ነው። አንቀጽ 620 ደግሞ አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጪ ሲሆን ነው። ባል በሚስቱ ላይ ሲፈጽመው በዚህ አንቀጽ ወንጀል አይሆንም።

በመለኪያ ቋንቋ ይህ ምን ማለት ነው? ነገ አዲስ አበባ ላይ የእርማት ፕሮግራም ተከፍቶ ስኬቱ በፖሊስ መዝገብ ቢለካ፣ በቡታጅራ ከአካላዊው በልጦ የተገኘው የጥቃት ዓይነት ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዜሮ» ተብሎ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ዜሮ፣ ካበቃም በኋላ ዜሮ። አካላዊው ጥቃት ደግሞ «አቤቱታዋን አንስታለች» በሚል ቃል ይጠፋል። አቤቱታ የምታነሳው ሰላም ስላገኘች ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌ ስለለመናት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ስለሌላት ወይም ስለፈራችም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ አይለይም።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ተመሳሳይ ክፍተት አለበት። ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤት ተጋቢዎቹን ራሳቸው ወደሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራ፣ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ለተጣሉ ሰዎች ጥሩ ሐሳብ ነው። ለተደበደበች ሴት ግን ያ ሦስት ወር ማንም የማይለካው፣ በጣም አደገኛ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በትዳር ጉዳይ በስምምነት የሚቀረብባቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም የወንጀል ሥልጣን የላቸውም፤ ጋብቻውን ሊያፈርሱ ይችላሉ፣ እጁን የሚይዙበት መሣሪያ ግን የላቸውም።

ተስፋ ራሱ አደጋ ሲሆን

«እሺ፣ ውጤቱ ትንሽ ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ይሞከር» የሚል ሰው ይኖራል። ይጎዳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙ ብመርጥ ይህን እመርጣለሁ።

ኤድዋርድ ጎንዶልፍ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ መጠለያ የገቡ ሴቶች ወደ ባላቸው ለመመለስ የሚወስኑት በምን እንደሆነ መረመረ። ከጠንካሮቹ ምክንያቶች አንዱ ባልየው የምክር አገልግሎት መጀመሩ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ መጨረሱ ወይም መለወጡ አይደለም፣ መጀመሩ። አሁን ይህን ከባብኮክ 5 በመቶ ጋር አያይዙት። ፕሮግራሙ ባህሪውን የሚለውጠው በጥቂቱ ነው፣ የእሷን ውሳኔ የሚለውጠው ግን በብዙ ነው። የማይሠራ ፍሬን ያለው መኪና ከቆመ አይገድልም፤ «ፍሬኑ ተጠግኗል» ብለህ ሰው ስትጭንበት ነው የሚገድለው።

ለዚህም ነው የአውሮፓ ሀገራት በ2011 የፈረሙት የኢስታንቡል ስምምነት አንቀጽ 16 እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች እንዲኖሩ ሲያዝ፣ የተጎጂዋ ደኅንነት እንዲቀድም ያሰመረበት። እኛ ጋ ያለው ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ የትዳሩ ደኅንነት ይቀድማል፣ የሴትዮዋ ይከተላል። «ገበናችን አደባባይ አይውጣ» የሚለው አባባልም የሚጠብቀው ግድግዳውን ነው፤ ውስጥ ያለውን ሰው አይደለም።

ታዲያ ምን ይሠራ?

ሁሉንም አስረን እንጨርሰው ማለት አይቻልም። እስር ቤቱን «ማረሚያ ቤት» ብለነዋል፤ ስሙ ግን ሥራውን አይሠራለትም፣ የታሰረ ደግሞ ይፈታል። በ2016ቱ ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ከጠየቁትም ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ፖሊስ ሳይሆን ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። ስለዚህ በኮምፔርሳቶው በኩል የሚሰማው ጎረቤት፣ ዋሱ፣ ሼኁና የእድሩ ዳኛ ወደድንም ጠላንም የሥርዓቱ አካል ናቸው። የእኔ ጥያቄ እነሱን ስለማስወገድ አይደለም። ሴንሰሩን ስለማዘዋወር ነው።

አንደኛ፣ እሷን ለብቻዋ መጠየቅ። ባልየው በሌለበት፣ የእሱ ዘመድ በሌለበት፣ እሱ በሚከፍተው ስልክም አይደለም። ሴት ትጠይቃት። ሽምግልናው ላይ የወንድ ዋስ እንደሚጠራ ሁሉ፣ እሷ የመረጠቻት አንዲት ሴትም ትሰየም፤ በወሩ፣ በሦስት ወሩ፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ የምታያት። በጀቱ የቡና ዋጋ ነው። ጥንቃቄው ግን ቀላል አይደለም፤ የነገረቻትን ነገር ባልየው ከሰማው ለሌላ ድብደባ ምክንያት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ «አልመታኝም» ብቻ በቂ መለኪያ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር ሊዝ ኬሊና ኒኮል ዌስትማርላንድ የመሩት የሚራባል ጥናት፣ ከመለካቱ በፊት ሴቶችን ጨምሮ የሚመለከታቸውን ሰዎች «ስኬት ማለት ለእናንተ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ከድብደባ መቆም አልፎ ሄደ፤ ሳይፈሩ መናገር፣ ሳያስፈቅዱ መውጣት፣ የልጆች ሰላም። የእኛም ጥያቄ «መታሽ?» ላይ አይቁም። «ዘመድ ቤት ለመሄድ ትፈሪያለሽ? የሠራሽበት ገንዘብ እጅሽ ላይ ነው?» ይጨመር።

ሦስተኛ፣ ለሽምግልና የማይቀርቡ ነገሮች ተለይተው ይታወቁ። አንገት ማነቅ ከእነዚህ የመጀመሪያው ነው። ናንሲ ግላስና ባልደረቦቿ በ2008 እንዳሳዩት ቀደም ሲል በጓደኛዋ ታንቃ የተረፈች ሴት የመገደል አደጋዋ ከ7 እጥፍ በላይ ይጨምራል። «ትንሽ አንገቷን ያዝ አደረጋት» የሚል ቃል የሰማ ሽማግሌ ምርቃቱን ትቶ ወደ ፖሊስና ወደ ሐኪም ይሂድ። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተጠቁ ሴቶች ሕክምናና የሕግ ድጋፍ አንድ ላይ የሚያገኙበት ማዕከል አለ፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም መጠለያ አለው። የሽማግሌው ትልቁ እውቀት የራሱን ወሰን ማወቅ ነው።

አራተኛ፣ የሚያጣው ነገር ይኑር። የፍሎሪዳው ሙከራ ያስተማረን ይህን ነው። መርካቶ ለዚህ የተመቸች ናት፤ ስምና ዱቤ ያላት ገበያ ናትና። ቃል ሲፈርስ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ይነገር፣ ሲፈርስም ይፈጸም። ሁለተኛ እድል፣ ሦስተኛ እድል እያሉ መመረቅ፣ ማንቂያ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ደወሉን ማጥፋት ነው።

አምስተኛ፣ የእርማት ፕሮግራም እንክፈት የሚል ማንኛውም ተቋም፣ መንግሥትም ሆነ ማኅበር፣ በሩን ከመክፈቱ በፊት የሚለካበትን ይጻፍ። ማነጻጸሪያው ማን ነው? ያቋረጡት እንዴት ይቆጠራሉ? እሷን ማን፣ መቼ፣ የት ይጠይቃታል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያልመለሰ ፕሮግራም ሥልጠና ሊሆን ይችላል፤ እርማት ግን አይባልም።

ለወጣት አንባቢዎቼ የቀረኝ ነገር ተግባራዊ ነው። ምናልባት አንድ ቀን ለእህታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ሽምግልና ላይ ትቀመጣላችሁ። አንድ ሰው «አሁንማ ተለውጧል፣ ሌላ ሰው ሆኗል» ይላል። ያኔ አትከራከሩ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ይህን የነገረን ማነው?» መልሱ እሱ ራሱ ወይም የእሱ ዋስ ከሆነ፣ ገና ምንም አልተለካም።